ቢጫው ጉልበት

የመድኃኒቱ ሳጥን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ «እንደምን አደሩ። ዛሬ ገና አልተጫወቱም» አለ። ሶልያናም እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ፣ አንተ ገገማ» ብላው ሻሿን አስራ ወጣች። ሳጥኑ የደም ግፊቷን እንክብል የሚለቅላት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫውታ ስትመለስ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። አእምሮ እንዳይዝግ ተብሎ ደንቡ የወጣ ሰሞን ሰዉ አጉረመረመ፤ ከዚያ ለመደው። የድሬዳዋን ሙቀት የቻለ ሰው ምን የማይችለው አለ?

ድሬዳዋ አንቱታ አትወድም። የስልሳ ዘጠኝ ዓመቷን ሶልያናን ባለሱቁም፣ ሾፌሩም፣ ትናንት የተወለደውም «አንቺ» ነው የሚላት። «እርስዎ» የሚላት ያ ሳጥን ብቻ ነው፤ ለዚህም ይሆናል አንድም ቀን ወዳው የማታውቀው።

የሚጫወቱበት አዳራሽ ንቃት ቤት ይባላል። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። እያንዳንዱ አረጋዊ የራሱ ጠረጴዛና አንድ ሳጥን ሙሉ የመጫወቻ ጡብ አለው፤ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ፣ ከጥፍር የማይበልጡ፣ ከነጥርሳማ ጎማቸው፣ ከነዘንጋቸው፣ ከነፒናቸው። የሚሠራውን የሚመርጠው ራሱ ነው። አስቸጋሪው ስም ነው። የዚህ ትውልድ ወላጆች በዘመናቸው ጥቂት ስሞች ላይ ተረባርበው ስለነበር በአዳራሹ አራት ሶልያና፣ ሦስት ናታኒም፣ ቁጥሩ የማይታወቅ ኤልሻዳይ ተቀምጧል። በቅጽል ስም ካልተጠራሩ መግባባት የለም። የእኛዋ ሶልያና «ሶሊ ባቡር» ናት።

ባቡር የተባለችው ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ወርክሾፕ ስለሠራች ነው። ለጎብኚ ተብሎ ከዝገት የተነሳውን የእንፋሎት ባቡር ሆዱን ከፍታ የምትዘጋው እሷ ነበረች። ሙያውን ያስተማራት አለቃዋ ሬድዋን፣ አላህ ይማረውና፣ ሁለት ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። አንደኛው፣ ሥራ ሲያልቅ የመጨረሻዋ ፒን አትገባም፤ ከሠራተኛው ኪስ ታድራለች። ሰውየው በማግስቱ ዕረፍት ባገኘ ዓይኑ ሥራውን ዞሮ ያየዋል፤ እንከን ካጣበት ያኔ ያስገባታል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይል ነበር ሬድዋን፣ «እኛ ጋ ግን የሚፈሰው ሰው ነው።» ሌላው ደግሞ ኮፍያ ነው። ከባቡሩ ሥር የሚገባ ሰው ኮፍያውን ከቦይለሩ አጠገብ ባለችው ማንጠልጠያ ላይ ይሰቅላል። ኮፍያ ተሰቅሎ እያለ ባቡር ያስነሳ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ይግባኝ የለውም።

ሶልያና ንቃት ቤት ገብታ ለዓመታት ቤትና አበባ ስትገጣጥም ኖረች። ያለፈው ጥቅምት ግን ሌላ ነገር አማራት። ስድስት እግር ያለው፣ በእንፋሎት የሚራመድ ማሽን። ሆዱ ቦይለር፣ አናቱ ላይ ረጅም ጭስ ማውጫ፣ በየእግሩ ፒስተን። እሳት ክልክል ስለሆነ በእንፋሎቱ ፋንታ በቀጭን ቱቦ የራሷን ትንፋሽ ልትሰጠው ነው ያሰበችው።

«አንቺ የምታውቂው ባቡር ነው፤ እግሩን ከየት አመጣሽው?» አላት ከጎኗ የሚቀመጠው ናታኒም፣ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። እሱ በየቀኑ አንድ ግንብ ሠርቶ፣ ጫፉን በጡጫው መትቶ ያፈርሰዋል።

«ሐዲዱን ጎርፍ ከወሰደው በእግሩ ይሂድ እንጂ ምን ያድርግ።»

አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀባት። ጥቁር ጡብ ሲያልቅባት የግራውን የኋላ ጉልበት በቢጫ ሠራችው፤ ናታኒምም «ምነው፣ ወለምታ አለበት?» ብሎ ሳቀባት። በጎኑ መወጣጫ እርከን አደረገችለት። የሬድዋንንም ማንጠልጠያ አልረሳችም፤ እንዲያውም ከእንፋሎቱ መዝጊያ ጋር በዘንግ አያያዘቻት። የጠርሙስ ክዳን ሲሰቀልባት መዝጊያው ይወርዳል፣ ትንፋሽ አያልፍም። ኮፍያ እያለ ላለመነሳት የሰው አደራ አያስፈልገውም፤ ማሽኑ ራሱ እምቢ ይላል። በዚህች ነገር ለብቻዋ ፈገግ አለች፤ ሬድዋን ቢያያት አንድ ጊዜ ራሱን ይነቀንቅላት ነበር፣ ከዚያ በላይ አያወድስም።

ሁሉም ሲያልቅ አንዲት ፒን ቀረች፤ በቢጫው ጉልበት ውስጥ ያለፈው ዘንግ እንዳይሾልክ የምትይዘው። ሶልያና በሁለት ጣቷ አንስታ አየቻትና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። «ነገ ነፍስ እዘራበታለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ ማሽን የለም። ጡቦቹ ተፈታትተው ወደ ሳጥናቸው ተመልሰዋል።

«ያላለቀ ይቆያል፣ ያለቀ ይፈታል» አለቻት የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ደብሪቱ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አላለቀም ነበር እኮ።»

«ጡቦቹ አልቋል ብለዋል።»

ሶልያና ተናደደች፤ ሳምንት አኮረፈች፤ ከዚያ ወደ አበባዋ ተመለሰች። ፒኗን ግን ከቀሚስ ወደ ቀሚስ እያዛወረች ያዘቻት፤ ባለሙያ ፒን አይጥልም። ጡቦች እንዴት አድርገው «አልቋል» እንደሚሉ መጠየቅ በዚያን ጊዜ ትዝ አላላትም።

ነሐሴ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ሁለት ክረምት አልፏል፤ ከከዚራ ማዶ ወዳለው መጋላ የሚሄድ ሰው በበጋ አሸዋውን በእግሩ ያቋርጣል፣ ወንዙ ሲሞላ እስኪጎድል ቤቱ ይቀመጣል። ዘንድሮ ግን «ተሻጋሪ» የሚባል ነገር እንደመጣ ተነገረ። የሶልያና ልጅ የሺመቤት መጋላ ውስጥ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ትምህርት ቤቱ ክረምትም አይዘጋም። አስተማሪ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቀን ከቀረ ክፍሉ ለድምፁ ይሰጣል፤ ድምፁ ማለት ከግድግዳው ውስጥ የሚያስተምረው ነው፣ ጉንፋን አይዘው፣ ወንዝ አያግደው። ክፍሏን ለድምፁ ያስረከበች አስተማሪ መልሳ ስታገኘው እስካሁን አልታየም። ስለዚህ የሺ በተሻጋሪው መምጣት ደስ ብሏታል፤ እናቷም እንድታየው ይዛት ወደ ወንዙ ወረደች።

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሹ ነው። ከዚያ ጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት እየተፋ ከሰዉ አናት በላይ ብቅ አለ። ከዚያ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የሚያህል ጥቁር ነገር በስድስት እግሩ ከውሃው ወጣ፤ እግሮቹን አንድ በአንድ አራግፎ ዳር ላይ ቆመ። ሆዱ ውስጥ አርባ ሰው ተቀምጧል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭስ ማውጫው ለምን እንዳስፈለገ ማንም አልጠየቀም።

ሶልያና አላጨበጨበችም። ዓይኗ የግራው የኋላ ጉልበት ላይ ተተክሏል። አምስቱ ጉልበቶች ጥቁር ናቸው፤ ያ አንዱ ቢጫ ነው። መወጣጫዋ እርከን በጎኑ አለች። ከቦይለሩ አጠገብ የሬድዋን ማንጠልጠያ አለች፣ አሁን የሰንጋ ቀንድ አክላ። ሶልያና ክው ብላ ቀረች።  እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ሲራመድ አይታው አታውቅም ነበር። ወዲያው ግን እጇ ሳታዝዘው ወደ ኪሷ ገባ። ፒኗ እዚያው ናት።

ቀና ብላ ጉልበቱን አየችው። ፒኗ መግባት በነበረባት ቦታ ጡጫ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ባዶ ነው። የሚይዘው ያጣው ዘንግ አንድ ጋት ያህል ወደ ውጭ ሾልኳል። በየእርምጃው ፀጉር ታህል እየወጣ ነው። ዘንጉ ጉልበቱ ውስጥ የሚቆየው አምስት ጋት እስኪወጣ ነው፤ ከዚያ እግሩ ከሆዱ ይለያል፣ አርባውም ሰው ጎርፍ ውስጥ ነው።

«የሺ፣ አትግቢ።»

«ምን ሆነሻል፣ እማዬ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ፒን የለውም።»

የሺ ግራ ቀኟን አየች፤ ሰልፉ ውስጥ የተማሪዎቿ ወላጆች አሉ። «አንቺ የሠራሽው መጫወቻ ነው። ይሄ የሥራ መንገዴ ነው» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ገባችም። ማሽኑ ተነሳ። ሶልያና ቢጫው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ ሲታጠፍና ሲዘረጋ እስከ ማዶ ድረስ በዓይኗ ይዛ አሻገረችው። ሌላ የምትይዝበት ነገር አልነበራትም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ንቃት ቤት ሄደች።

«ጡቦቹ ያያሉ?» አለቻት ደብሪቱን፣ ገና ከበሩ።

«አያዩም። ማን ከማን ጋር እንደተገጠመ ነው የሚያውቁት።»

«ለማን ነው የሚናገሩት?»

«ጣትሽን ያስነካሽበት ውል ላይ አለ። አርባ ሁለት ገጽ ነው።»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«እኔም ጣቴን ነው ያስነካሁት።»

ደብሪቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሰሌዳዋን ከፍታ ፈለገችላት። ማሽኑ ተገኘ። አዳራሾቹን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ከየአዳራሹ ያለቀውን ቅርጽ ይለቅማል፣ የትኛው ለየትኛው ችግር እንደሚበጅ ራሱ ይመርጣል፣ አሳድጎ ያቆመዋል። በመሃል ሰው የለበትም። በቢጫው ጉልበት ቀዳዳ አጠገብ «አየር ማስገቢያ፤ የባለሙያ ምርጫ» የሚል ተጽፏል። ሶልያና ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ባለሙያ ብሎ የጻፈላት አልነበረም።

«እንደሱ ያሉት ስንት ናቸው?»

«ሠላሳ ስምንት። አዋሽ ላይ አለ፣ ባሮ ላይ አለ፣ ገናሌ ላይ...»

«የሁሉም ጉልበት ቢጫ ነው?»

ደብሪቱ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። «የሁሉም» አለች። ድምፅዋ ወርዷል።

«በይ ንገሪያቸው።»

«ሶሊ፣ ከዚህ ቤት ቃል አይወጣም። መንገድ አልተሠራለትም። የሚወጣው የተገጠመ ነገር ብቻ ነው።»

የተገጠመ ነገር ከሆነ የሚወጣው፣ ሶልያና ተቀመጠችና ቢጫውን ጉልበት ብቻ እንደገና ገጠመች። ከሳጥኑ ሌላ ፒን አንስታ ወዲያውኑ አስገባችበት፤ የሬድዋንን ደንብ ስትጥስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጽሑፍ በራ። «ይህ ቅርጽ ከዚህ በፊት ተሠርቷል። አዲስ ነገር ይሞከር።» ፈትታ ገጠመች። «ይህ ቅርጽ ከዚህ በፊት ተሠርቷል።» ቤቷ ስትገባም የመድኃኒቱ ሳጥን «ዛሬ አልተጫወቱም» አላት፤ አልተከፈተም።

ቀደም ብሎ መንገድ ላይ፣ ወደ ቤት ስትመለስ፣ ከተማዋን ያየችበት ዓይን ሌላ ነበር። የከዚራ አዲሶቹ የመንገድ መብራቶች አበባ ናቸው፤ አምስት ቅጠል ሊኖራቸው ሲገባ አራት ነው ያላቸው፤ እሷ አምና አንድ ጡብ ጎድሏት የተወችው ነው። ከገበያው ጀርባ የቆመው ረጅም ግንብ ጫፉ ላይ ቦርቦር ብሏል፣ ልክ የናታኒም ጡጫ በሚያርፍበት ቦታ። ይህን ግንብ በየቀኑ ስታልፈው ማን እንዲህ አድርጎ እንደሠራው አንድም ቀን አስባ አታውቅም። 

በማግስቱም ያንኑ ጉልበት ገጠመች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው።

«አበባሽን ሥሪና መድኃኒትሽን ዋጪ» አላት ናታኒም። «ለሞተ ማሽን ምን አስጨነቀሽ?»

«አልሞተም። ችግሩ እሱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ወርዳ ለሰልፈኛው ነገረችው። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ ማንም የሰማት የለም፤ አንዱ ጎልማሳ «አሮጊቷ ፈጣሪው እኔ ነኝ ትላለች» ብሎ ሰውን አሳቀ። ዘንጉ ሦስት ጋት ወጥቷል። መሾለክ የጀመረ ዘንግ ቀዳዳውን እያሰፋ ስለሚሄድ ይፈጥናል፤ ይህንን ከእሷ በቀር ወንዙ ዳር የሚያውቅ አልነበረም።

«ሁለት ቀን ሙሉ መድኃኒት አልዋጥሽም» አለቻት የሺ ማታ ራት ላይ። «ራስሽን እያዞረሽ ነው ይሄን የምታይው። ነገ ስመለስ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ነገ አትሻገሪ። አንድ ቀን ብቻ።»

«ተሻጋሪው ሳይመጣ በዚህ ወር ሁለት ቀን ቀርቻለሁ። ነገ ብቀር ሦስት ይሆንብኛል» ብላ የሺ ሳህኖቹን አነሳች። የእናቷን ዓይን አላየችም።

ሶልያና ስትነቃ ፀሐይ ወጥታለች። አንገቷ ደንድኗል፣ ግድግዳው ይዞራል። የሺ ሄዳለች። ደጋው ላይ ሲዘንብ ስላደረ የደቻቱ ጩኸት እስከ ቤት ድረስ ይሰማል። ሻሿን መንገድ ላይ እያሰረች ወረደች።

ተሻጋሪው ሞልቶ በሩ ተዘግቷል። የሺ በመስኮቱ ትታያለች፤ አንገቷን ደፍታ የልጆች ደብተር ታርማለች። ዘንጉ አራት ጋት ተኩል ወጥቷል። ወንዙን እስከ መሃል ያደርሳቸው ይሆናል። ሰው ይህን እያየ ልጁን አይሸኝም። ሶልያና ሮጠች፤ ሮጠች ማለት ያስቸግራል እንጂ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሚሮጠውን ያህል ሮጠች። እርከኗን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ በጣቶቿ ያስቀመጠቻት ቦታ ላይ ነበረች። ስትወጣ ማሽኑ የፊት እግሩን አንስቶ ወደ ጎርፉ ዘረጋ።

ሻሿን ከራሷ ፈትታ ማንጠልጠያዋ ላይ ሰቀለችው። ምንም የለም። ያኔ ገባት፤ ማሽኑ ሲያድግ ማንጠልጠያዋም አብራው አድጋለች። ለጠርሙስ ክዳን ትወርድ የነበረችው አሁን የምትፈልገው ሰው ነው። ሶልያና በሁለት ክንዷ አቅፋ ያዘቻትና እግሯን ከእርከኗ ለቀቀች።

መጀመሪያ ማንጠልጠያዋ አልወረደችም። ሶልያና ከበታቿ ቡናማውን ውሃ አየች፣ ዓይኗንም ጨፈነች። ከዚያ ማንጠልጠያዋ ቀስ ብላ ወረደች። ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ስድስቱም እግሮች ቀጥ አሉ፤ የፊተኛው ከውሃው በላይ እንደተነሳ ቀረ።

«እባክዎ ክብደትዎን ያንሱ» አለ የማሽኑ ድምፅ። እርስዎ የሚላት ሁለተኛ ነገር ተገኘ።

ተሳፋሪው አጉረመረመ። በሩ ተከፈተ፤ የሺም ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ ወጣች። «እማዬ፣ ውረጂ። ስለ እግዜር ብለሽ ውረጂ።»

«ቢጫውን እዪና እወርዳለሁ።»

የሺ በጭቃው ውስጥ ወደ ኋላው እግር ዞረች። ከጉልበቱ የወጣውን ዘንግ በመዳፏ ለካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በጉልበቱ ውስጥ የቀረው የመዳፏን ግማሽ አይሞላም። እጇን ስታነሳ ብረቱ ገና ይሞቅ ነበር። ቁልቁል ጎርፉን አየች፣ መልሳ የተቀመጠችበትን መስኮት አየች። «እማዬ» አለች። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሳ በአስተማሪ ድምፅዋ «ሁላችሁም ውረዱ። በሰልፍ። አሁን» አለች። አርባ ሰው እንደ አራተኛ ክፍል ተሰልፎ ወረደ። ትናንት ሰዉን ያሳቀው ጎልማሳ ጉልበቱን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

ማሽኑ ግን ገና ይተነፍሳል። ማንጠልጠያዋ ከተለቀቀች ይነሳል፤ ባዶውንም ቢሆን ይሄዳል፣ ማዶ ከደረሰም ሌላ አርባ ሰው ይጭናል። የሶልያና ክንድ ዝሏል። የሺ የደብተር ቦርሳዋን ጭቃው ላይ አስቀመጠች፤ እርከኗን ወጥታ በእናቷ ክንዶች ላይ ክንዷን አሳልፋ ተንጠለጠለች።

«በቃ ልቀቂ። ይዤዋለሁ።»

ሶልያና ወደ እርከኗ ወርዳ ተቀመጠች። ኃላፊ የሆነ ሰው ይመጣ ይሆናል ብለው ጠበቁ። የመጣው የማሽኑ ድምፅ ነው።

«የደቻቱ ተሻጋሪ በተሳፋሪ ምክንያት ለጊዜው ቆሟል። የቀሩት ሠላሳ ሰባት ተሻጋሪዎች በመልካም ሁኔታ እየተራመዱ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

የሺ እንደተንጠለጠለች ቁልቁል እናቷን አየቻት። «እማዬ» አለች፣ «እነዚያ ላይ ማን ይንጠለጠላል?»

ሶልያና እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ፒኗ አለች፤ አንድ ሌሊት ልታድር ገብታ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።